የካፒቴኑ ቀይ መኪናና የነሐስ ቀለበቷ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ካፖርትና ከዘራ ሸለሙኝ። ካፖርቱ ሰፋኝ፣ ከዘራው አጠረኝ፤ ከልባቸው ስለሰጡኝ ግን ካፖርቱን ለብሼ፣ ከዘራውን ተመርኩዤ ፎቶግራፍ ተነሣሁ። ከዚያ አንዱ መካኒክ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን በጣም የከበደዎት ሥራ የቱ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ትልልቅ ሞተሮች የምናገር መስሏቸው ነበር። በጅማ መንገድ ላይ በዝናብ ድንኳን ሥር ቡልዶዘር ስፈታ ስገጥም ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። አዋሽ ዳር በሸንኮራ እርሻ ትራክተር ጠግኛለሁ፤ በመጨረሻም እዚሁ አዲስ አበባ አውቶቡስ ሳክም አረጀሁ። አለቆችም አይቻለሁ። አንዱ አርመን ነበር፤ ጥፋት ሲያገኝ በአራት ቋንቋ ተሳድቦ በአምስተኛው ይቅርታ ይጠይቃል። ሌላው ሞተርና ራዲያተር የማይለይ ሻለቃ ነበር፤ ደመወዛችንን ግን አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም፤ ስለዚህ እንወደው ነበር።

እኔ ግን በጣም የከበደኝ ከአውራ ጣቴ የማትወፍር አንዲት የነሐስ ቀለበት መለወጥ ነው አልኳቸው። ሳቁ። ሽማግሌው ጡረታው ገና ከመጀመሩ ዞረበት ሳይሉ አልቀሩም። ነገሩ እንዲህ ነበር።

ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አጠገብ እንኖራለን። አጎቴ አንዲት በቅሎ ነበረችው፤ ወታደሮች ለጭነት ብለው ወሰዷት። አጎቴ ጣሊያን ይፈራ ስለነበር በቅሎዋን እንድለምንለት እኔን ላከኝ። ኮልፌ ላይ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ዳር የጦሩ ጋራዥ ነበረ። በሩ ላይ የቆመው ወታደር የኔን ልመና ሥራ ፍለጋ አድርጎ ተረዳውና ባልዲና ጨርቅ ሰጠኝ። እኔም መኪናውን ካጠብኩ በቅሎዋን ይሰጡኛል ብዬ አጠብኩ። በማግሥቱም ሄድኩ። በቅሎዋ አልተመለሰችም፤ እኔም ከጋራዥ ሳልወጣ ዕድሜዬን ጨረስኩ።

የጋራዡ አለቃ ሲኞር ብሩኖ ይባላል። በአገሩ የታወቀ መካኒክ ነበር አሉ፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ወገቡ ታሞ ማጎንበስ አይችልም ነበር። መኪና ሥር መግባት ቀርቶ የጫማውን ክር እንኳ የሚያስርለት ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ በረጅም ሸምበቆ እየጠቆመ ያዘናል። ሸምበቆው ያልነካውን ብሎን መፍታት ክልክል ነበር።

ሥራውን በእውነት የሚሠሩት ጋሽ ከድር ነበሩ። ጋሽ ከድር ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ኮልፌ የከተሙ ሰው ናቸው። ከጦርነቱ በፊት በአንጥረኛ ቤት፣ ኋላም በአንድ ግሪክ ጋራዥ ሠርተዋል። ጣሊያንኛ የተማሩት ከስድቡ ጀምረው ስለነበር ሲያመሰግኑ እንኳ የተቆጡ ይመስላሉ። ሲኞር ብሩኖ ይህን ለምዶት ነበር፤ እንግዳ ጣሊያን ግን ይደነግጣል።

የጋሽ ከድር ልማድ ብዙ ነው። ሰው ከሥራ በኋላ እጁን ይታጠባል፤ እሳቸው ከሥራ በፊት ይታጠባሉ። የፈቱትን ብሎን ሁሉ አንድ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ በተፈታበት ተራ ይደረድራሉ። አንድ ብሎን ከተራው ካጡ እስኪገኝ ድረስ ሰላምታም አይመልሱም። የሞተር ድምፅ ሲያዳምጡ የዱላ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፈው ሌላውን ጫፍ በጥርሳቸው ይነክሳሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍኑና በጉራጊኛ አንድ ነገር ያጉረመርማሉ። ምን እያሉ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ከመኪናው ጋር የምነጋገረውን ሰው እንዳይሰማ ነው አሉኝ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ፣ አንድ ካፒቴን ቀይ መኪናውን እያስጮኸ መጣ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራ የሌላት፣ አፍንጫዋ ረዥም የእሽቅድምድም መኪና ነበረች። ከአገሩ በመርከብ ያስመጣት እንደሆነ ኮልፌ ሁሉ ያውቃል። ሮዚና ይላታል፤ እኛ ቀይዋ እንላታለን። ካፒቴኑ ለሰው ክፉ ነበር፤ ለእሷ ግን ጓንት አድርጎ ነው በሩን የሚከፍተው። ያን ቀን ፍሪሲዮኑን፣ ማለትም ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ፔዳል፣ በረገጠ ቁጥር ጅራቷ በበር እንደተያዘ ድመት ትጮኻለች። ማርሽ ሲያስገባም ብረት ከብረት ይፋጫል።

ጋሽ ከድር ዱላቸውን ነክሰው አዳመጡ። ከዚያ ቀለበቷ አልቃለች አሉ። ከሞተሩ በስተጀርባ አንድ ከባድ መዘውር አለ። በመዘውሩ መሐል ላይ ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ የነሐስ ቀለበት ትቀመጣለች። ከማርሽ ሳጥኑ የሚመጣው ዘንግ ጫፉን በዚያች ቀለበት ላይ ያሳርፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ መዘውሩ ይሽከረከራል፣ ዘንጉ ይቆማል፤ በሁለቱ መሐል ሆና ሁለቱንም የምታስማማው እሷ ናት። ስታልቅ ዘንጉ ይዋልላል፣ ይጮኻል፣ ማርሽም እሺ አይልም። ጣሊያኖቹ ቦኮላ ይሏታል፤ እኛ ቀለበቷ እንላት ነበር።

ሲኞር ብሩኖ መለዋወጫው ከአስመራ ይምጣ ቢል ካፒቴኑ አይሆንም አለ። የሚቀጥለው እሑድ አንድ ጄኔራል አዲሱን የምዕራብ መንገድ ሊመርቅ በኮልፌ ያልፋል። ካፒቴኑ ቀይዋን እየነዳ ጄኔራሉን ሊያጅብ፣ ከጎኑም ከአገሩ የመጣች አንዲት ሴት ሊያስቀምጥ አስቧል። እስከ ዐርብ ማታ ካልደረሰች ሁላችሁንም የድንጋይ ካባ እልካችኋለሁ ብሎ በእግሩ ሄደ።

ቀኑን ሙሉ ፈተን የማርሽ ሳጥኑን አወረድን። ያለቀችው ቀለበት ግን ከጉድጓዷ አልወጣ አለች። ጉድጓዱ ከኋላ ድፍን ስለሆነ ገፍተን ማውጣት አንችልም፤ ከፊት ደግሞ የሚያዝ ጠርዝ የላትም። ጋሽ ከድር መፍትሔውን ያውቁታል። ጉድጓዱ በግራሶ፣ በወፍራሙ የመኪና ቅባት፣ ይሞላል፤ ከዚያ በቀለበቷ ቀዳዳ ልክ የሆነ ዘንግ ገብቶ ሲመታ፣ ግራሶው መሄጃ ሲያጣ ቀለበቷን ከኋላዋ ይገፋታል። ችግሩ ግራሶው ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ጣሳ ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ከፈራሚዎቹ ሁለቱ ሆለታ ነበሩ።

ጋሽ ከድር ትንሽ አሰቡና ምሳቸውን አመጡ። ቆጮ ነበር። ከዳር ቆርሰው በእጃቸው አሽተው፣ እየጠቀጠቁ ጉድጓዱን ሞሉት። ሲኞር ብሩኖ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ሸምበቆውን አነሣ፤ የት እንደሚጠቁም ግን ጠፋው። ጋሽ ከድር ዘንጉን አስገብተው በመዶሻ አንድ ጊዜ መቱ፣ ትንሽ ቆጮ ጨመሩ፣ ደግመው መቱ። በአራተኛው ምት ቀለበቷ ተንሸራታ ወጣችና ነጩ ጨርቅ ላይ ወደቀች። ሲኞር ብሩኖ ቆይቶ ቆይቶ የተረፈውን ቆጮ መቅመስ እንደሚፈልግ ተናገረ። ቀመሰና ለመኪና ይሻላል አለ። ከዚያ በኋላ ግን በየሳምንቱ ይጠይቅ ነበር።

አዲሲቱን ቀለበት የሠራነው ከአንድ የተሰበረ ካሚዮን ላይ ካገኘነው ወፍራም ነሐስ ነው። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ቶርኖ አልነበረንም። ነሐሱን እንጨት ላይ ሰክተን፣ እንጨቱን በእጅ መሰርሰሪያ አንዳችን ስናሽከረክር ሌላችን በሞረድ እናሳሳዋለን። ሁለት ቀን ፈጀ። ሐሙስ ማታ ለጋሽ ከድር የአጎታቸው መርዶ መጣ፤ ዐርብ ጎሕ ሲቀድ ወደ አገራቸው መሄድ ነበረባቸው። ከመሄዳቸው በፊት እጄን ይዘው ሦስት ነገር ነገሩኝ። አንደኛ፣ ከዘንጉና ከቀለበቷ መሐል አንድ የሲጋራ ወረቀት የሚያህል ክፍተት ተው። ሁለተኛ፣ በቀለበቷ ውስጠኛ ገጽ ላይ ዘይት የሚይዝ ቀጭን ቦይ ጫር። ሦስተኛ፣ ሳትገጥማት በፊት በሞቀ ዘይት ውስጥ ትቆይ። ገባህ ወይ ሲሉኝ ገባኝ አልኩ። በእርግጥም ገብቶኝ ነበር፤ ያጠፋሁት ባለመረዳት አይደለም።

ያጠፋሁት በቀለበቷ ውበት ተታልዬ ነው። ውስጧን በጨርቅና በአመድ ወለወልኳት፤ እንደ መስታወት አበራች። ፊቴን አየሁባት። ይህን የመሰለ ነገር በሹል ብረት ቧጥጬ ላበላሸው ወይ ብዬ ቦዩን ተውኩት። ክፍተቱንም፣ ጥብቅ ያለ ነገር ምን ጊዜም ከላላ ይሻላል በሚል የራሴ ፍልስፍና ሻርኩት። ዘይቱ እስኪሞቅ ደግሞ ማን ይጠብቃል፤ ጠብታ ነካ አደረግኩላት። የማርሽ ሳጥኑ አልገባ ሲል በእንጨት መዶሻ መታ መታ አደረግኩት። ሲኞር ብሩኖ በዚያች ሰዓት ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ካፒቴኑ መጥቶ ፔዳሉን ሲረግጥ ድምፅ የለም። ሲጋራ ሰጠኝ። እኔም ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ ከጋሽ ከድር በልጬ የምሄድ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ሠራዊቱ በኮልፌ አለፈ። እኔ ከሰው ጋር ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሜ ሥራዬን ለማየት ጓጉቻለሁ። ከፊት የጄኔራሉ ረዥም ጥቁር መኪና፣ ከኋላው ቀይዋ፤ ካፒቴኑና ነጭ ባርኔጣ ያደረገችው ሴት ተቀምጠውባታል። መኪናዋ በፍጥነት ብትሄድ ምንም ባልሆነች ነበር፤ ቀለበቷ የምትሠራው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ነው። ሰልፉ ግን እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ካፒቴኑ ፔዳሉን ረግጦ፣ ለቆ፣ ረግጦ እዚያ እስኪደርስ የኔ መስታወት ግላ ከዘንጉ ጋር ተጣብቃለች።

ለምረቃው የተዘረጋው ሪባን ጋ ጥቁሩ መኪና ቆመ። ካፒቴኑም ፔዳሉን ረገጠ፤ ቀይዋ ግን አልቆመችም። ቀስ ብላ ሄዳ የጄኔራሉን መኪና ከኋላ ገፋች፣ ከዚያ ሞተሯ ጠፋ። ጄኔራሉ ዞሮ አየ። ካፒቴኑ ሰላምታ ሰጠና ሞተሩን አስነሣ፤ ማርሹ ስላልወጣ ዘልላ ደግማ ገፋችው። በሦስተኛው ግፊያ የጄኔራሉ ቆብ ከራሱ ወርዶ ሪባኑ ላይ ወደቀ። ነጭ ባርኔጣ ያደረገችው ሴት ወርዳ በእግሯ ሄደች። በመጨረሻ ቀይዋ ቢገፏት አልንቀሳቀስ ስላለች ስምንት ወታደር ተሸክሞ ከመንገድ አወጣት። በዙሪያዬ ያለው ሰው ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ይስቃል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሳቁ የሚያልቅበትን አውቅ ነበርና። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ከጎረቤታችን የጦር ግቢ አንድ ሰው፣ ጎማ በምስማር ወግተሃል ተብሎ ተወስዶ አልተመለሰም። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ብትሄድ ስንቁንም እሷንም መልሰዋቸዋል። ያን ሌሊት ልሽሽ አልሽሽ ስል አደርኩ። ብሸሽ ጋሽ ከድርን እንደሚይዙ ገባኝና ጠዋት ወደ ሥራ ሄድኩ።

ጋሽ ከድር ከለቅሶ ተመልሰው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቦዩንስ አሉኝ። አልጫርኩም አልኳቸው። መታጠባቸውን ቀጠሉ፤ ያን ቀን ረዥም ጊዜ ታጠቡ።

ካፒቴኑ ካራቢኜሪ ከሚባሉ ሁለት የጣሊያን ፖሊሶች ጋር መጣ። ቀይዋንም በካሚዮን አስጭኖ አመጣት። ማን ነው የሠራው አለ። እኔ ነኝ ብዬ ወጣሁ። ጋሽ ከድር አጠገቤ መጥተው በዚያ የተቆጣ በሚመስለው ጣሊያንኛቸው ተናገሩ።

“እጁ የሱ ነው፤ ሥራው የኔ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ፊትህ እንፍታት። ተንኮል ከሆነ ብረቱ ይናገራል።”

ካፒቴኑ የተሰደበ መስሎት ሽጉጡን ነካ። ሲኞር ብሩኖ፣ ይህ ሰው ሲለምን እንዲህ ነው ብሎ አስረዳው። ፈታን። ብሎኖቹን በተራቸው ጨርቁ ላይ ደረደርኩ። የማርሽ ሳጥኑ ሲወርድ ቀለበቷ ከዘንጉ ላይ ተጣብቃ አብራ ወጣች፤ ጠቁራለች፣ ሰማያዊ ሆናለች። ጋሽ ከድር ለሲኞር ብሩኖ አሳዩት።

ሲኞር ብሩኖ ከወንበሩ ተነሣ። ሸምበቆውን ጣለ። ከዚያ ከተዋወቅን ጀምሮ ያላየነውን አደረገ፤ ተንበረከከ፣ አጎንብሶም አፍንጫው ዘንጉን እስኪነካ ተመለከተ። በጥፍሩ ጫረ፣ አሸተተ።

“ካፒቴን፣ ይህ ተንኮል አይደለም” አለ። “ተንኮለኛ አሸዋ ይጨምራል፣ ወይም አላልቶ ይተዋል። ተንኮሉን እንዲህ አድርጎ የሚወለውል ሰው ግን የለም። ይህን ጥፋት በአባቴ ጋራዥ እኔም ሠርቼዋለሁ፤ አባቴ በጥፊ መታኝ እንጂ አልሰቀለኝም።”

ሲኞር ብሩኖ ሊነሣ ሲሞክር ወገቡ እንደታጠፈ ቀረ። እኔና ጋሽ ከድር በአንድ በኩል፣ ሁለቱ ካራቢኜሪ በሌላ በኩል ይዘን፣ አራት እግር እንዳለው ወንበር፣ ወገቡ እንደታጠፈ አንሥተን ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። ከካራቢኜሪዎቹ የአንዱ ጠመንጃ ወድቆ አንሥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ካፒቴኑ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ሳቅ ይሁን ንዴት አላውቅም። ሲዞር ፍርዱን ሰጠ። እስከ ነገ ማታ እንድሠራት፣ ስትሞከርም ከጎኑ እንድቀመጥ አዘዘ።

ጋሽ ከድር አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከጀርባዬ ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ምንም ነገር ሳይነኩ ሁሉን እንደገና አሠሩኝ። ነሐሱን አሳሳሁ፣ በሲጋራ ወረቀት ለካሁ። ቦዩን በሹል ብረት ጫርኩ። ቀለበቷ በሞቀው ዘይት ውስጥ እስክትቀዘቅዝ ድረስ ሁለታችን አጠገቧ ተቀምጠን ጠበቅን። የማርሽ ሳጥኑ ያለ መዶሻ ገባ። ድምፁ ራሱ ልዩ ነበር፤ ክዳን ያለው ሙዳይ ሲከደን እንደሚሰማው።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ካፒቴኑ ከጎኑ አስቀመጠኝ። በሕይወቴ ተሽከርካሪ ላይ ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ሥራቸው እንጂ ወንበራቸው አይመለከተኝም ነበር። ኮልፌን ቁልቁል እየበረረ ወረደ። በየመቶ ክንዱ ይቆማል፣ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ወደ እኔ ዞሮ ያዳምጣል። ቀይዋ ዝም ብላለች። እኔ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ መድኃኔ ዓለምን እጠራለሁ። ገበያ የዋለው የሰፈሬ ሰው በሙሉ ቆሞ አየኝ። የሆነ ቦታ አጎቴ እንኳ የሰው በቅሎ እየሳበ አለፈ፤ አይቶኝ በቅሎዋን ወደ ቁጥቋጦ ይዟት ገባ። ካፒቴኑ ቀራንዮ አካባቢ አውርዶኝ፣ አቧራ አልብሶኝ ሄደ።

ቤት ስደርስ እናቴ ፊቷን ነጭታ ነበር። ከእኔ በፊት ወሬው ደርሷል፤ ልጅሽ ባንዳ ሆኖ ከካፒቴኑ ጋር ይንሸራሸራል ብለዋታል። ብነግራት አላመነችም። አንድ ጣሊያን በሬ በሚያህል ብረት ውስጥ ስላለች አንዲት ቀለበት ብሎ ሰው ሊሰቅል ነበር ማለት ለእሷ ተረት ነው። በማግሥቱ የንስሐ አባታችንን አባ ወልደ ትንሣኤን ይዛ መጣች። አባ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለ፣ ታጋሽ ሽማግሌ ነበሩ። እሷን አስወጥተው ልጄ ተናገር አሉኝ። እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ለንስሐ አባቴ አስረዳሁ። መዘውሩን በመስቀላቸው፣ ዘንጉን በጭራቸው አድርጌ አሳየኋቸው።

አባ በትዕግሥት ሰሙኝ። ጥብቅ አድርጎ መግጠም ምን ኃጢአት አለው ብለው ጠየቁኝ። ክፍተት ተው ተብዬ ነበር አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ፍርዳቸውን ሰጡ።

“በመኪናው የሄድከው ተገድደህ ነው፤ እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። መምህርህ ያዘዘህን ለውበት ብለህ ስለጣስክ ግን ሠላሳ ስግደት ስገድ።”

ለእናቴም ደጅ ወጥተው ልጅሽ ባንዳ አይደለም፣ ትዕቢተኛ ነው አሏት። እሷም እግዚአብሔር ይመስገን ብላ አለቀሰች። የሰፈሩ ሐሜት ግን በአባ ቃል አልቆመም፤ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ አጎቴ ባየኝ ቁጥር በቅሎ ይደብቅ ነበር።

አባ ሊሄዱ ሲሉ ወደ እኔ መለስ ብለው፣ የቤተ ክርስቲያኑ የሰሜን በር ማጠፊያው በቅዳሴ መሐል እየጮኸ ስለሚያስቸግር፣ ስግደቱን ስትጨርስ እየው አሉኝ። ቅዳሜ ሄድኩ። እጄን ታጠብኩ። በሩን አውርጄ ማጠፊያውን ፈታሁ፣ ያለቀውን ነሐስ ለወጥኩ፣ ቦይ ጫርኩ፣ ዘይት አጠጣሁ። የማንም ሸምበቆ ሳይጠቁመኝ ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ያ ነው። እሑድ ዕለት በሩ ያለ አንዳች ድምፅ ተከፍቶ ተዘጋ። አባ ወልደ ትንሣኤ ግን እስኪሞቱ ድረስ ወቀሱኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አርፍዶ የሚገባውን ሰው መለየት አቃተኝ ይሉ ነበር።